ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚችል ማን ነው?

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የገቡ መኪኖች የሰፈሩን መንገድ ሞልተውታል፤ ክትፎው ገና ከቤት ቤት ይዞራል። የተጋበዝኩበት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ በ12 ዓመታቸው በጭነት መኪና መርካቶ ገብተው፣ ሊስትሮ ሆነው፣ ሱቅ በደረቴ ይዘው ዞረው፣ ዛሬ የጅምላ መደብር ያላቸው የ60 ዓመት ሰው ናቸው። ሌላው የእህታቸው ልጅ ነው። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ 3 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሥራ የለውም። ሰንጋውን የገዙት አጎቱ ናቸው። ምሩቁ ቢላዋ ይስላል።

«ይሄን ልጅ 6ኛ ክፍል ሳለ አምጡልኝ ብዬ ነበር» አሉኝ አጎቱ። «እናቱ እምቢ አለች። እኔ ጋ ቢሆን ዛሬ የራሱ ሱቅ ነበረው። አሁን እንግዲህ ዲግሪውን ይብላው!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ልጁም ሳቀ። ቢላዋውን ግን ከሚገባው በላይ ሲስል ቆየ።

ይህን ንግግር ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ ትሰሙታላችሁ፣ ጫት በሚታሰርበት ዳስ ትሰሙታላችሁ፣ የሚገርመው ደግሞ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ትሰሙታላችሁ። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሕዝብ ዛሬ የተማረውን ለቀልድ ይጠራዋል። ሐሳቡ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ በሰው አገር ትምህርት ሥራ ያስገኛል፣ በእኛ አገር ሥራ ያስፈታል፤ ስለዚህ ልጁን ቶሎ ወደ ሱቅ። እኔ ይህ ሐሳብ ስህተት ነው እላለሁ። ስህተት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ዋጋውን የሚከፍሉት በሐሳቡ የሚስቁት ሰዎች አይደሉምና ነው።

ክርክሩ የሞኝ ክርክር ስላልሆነ በሙሉ ቁመናው ላቁመው። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ በየዓመቱ የትምህርት ንጽጽር ያወጣል። ከ25 እስከ 34 ዓመት ካሉት የእነዚያ አገሮች ወጣቶች መካከል ከፍተኛ ትምህርት ከጨረሱት 100 ሰዎች ወደ 85ቱ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን ካላጠናቀቁት ግን 60 ገደማ ብቻ። ደረጃው በወጣ ቁጥር ሥራ አጥነቱ ይወርዳል። ወደ ድሃ አገሮች ሲመጣ መሰላሉ ይገለበጣል፤ የዓለም የሥራ ድርጅት አኃዞች እንደሚያሳዩት እዚያ ሥራ አጥ ሆኖ የመመዝገቡ ዕድል ከፊደል ካልቆጠረው ይልቅ በተማረው ላይ ይበረታል። ምሁሩም ይህን ሐሳብ የሚያግዝበት ጊዜ አለ። ኢኮኖሚስቱ ላንት ፕሪቼት እ.ኤ.አ. በ2001 «ያ ሁሉ ትምህርት የት ገባ?» ብሎ ጠይቆ፣ አገሮች ሕዝባቸውን ስላስተማሩ ብቻ ምርታቸው በዚያው ልክ እንዳላደገ አሳይቷል። የእኛን አገር ጨምሩበት። ጥቂት ዩኒቨርሲቲ የነበረን ሰዎች ከ40 በላይ አድርሰናል። ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያጥና ብለን መደብን። ወልቂጤም ጉብርየ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከዚያስ? ምሩቁ ቢላዋ ይስላል።

ጠንካራ ክርክር ነው። ግን መሠረቱ አንድ ቃል ላይ ነው፤ ያንን ቃል ስትነኩት ይናዳል።

ሥራ አጥ ማለት ማን ነው? ቆጣሪው በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የሚጠይቀው ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ ሠርተህ እንደሆነ ነው። አንድ ሰዓት! ከሠራህ ሥራ አለህ። አሁን ወደ ወልቂጤ መናኸሪያ እንሂድ። ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጠው ልጅ ሥራ አለው። የጅማ አውቶብስ ሲቆም በመስኮት ቆሎ የምታቀብለው ሴት ሥራ አላት። ጆንያ ለመሸከም ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራው ጎልማሳም ሥራ አለው። እናቱ ቤት ምሳውን በልቶ በስልኩ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያስሰው መሐንዲስ ግን ሥራ አጥ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ማን ተሻለ? የሥራ አጥነቱ ሰንጠረዥ ይህን አልተጠየቀም። እኛ ግን መልሱን ከእሱ አውጥተን ልጅ ከትምህርት እናስቀርበታለን።

ነገሩ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቭ የተሰበሰቡ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ትርጉሙን ሲያሻሽሉ፣ ለገዛ ቤተሰብ ፍጆታ የሚመረት ምግብ ሥራ መሆኑ ባይካድም «ተቀጥሮ ወይም ነግዶ መሥራት» ከሚባለው እንዲወጣ ወሰኑ። ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ውስጥ አንዲት እናት ጎህ ሲቀድ ተነስታ እንሰት ትፍቃለች፣ ቆጮውን ትቀብራለች፣ ቡላውን ለይታ ታጠልላለች። እስከዚያ ዓመት በነበረው ትርጉም ከሠራተኞቹ ወገን ነበረች። ከዚያ በኋላ ባለው ትርጉም ለቤቷ ብቻ ከፋቀች የለችበትም። እጇ ላይ የነበረው ልጥ ያው ነው፤ የተለወጠው ጄኔቭ ያለው ወረቀት ነው። የልጇን ትምህርት በዚህ መስፈሪያ የሚሰፍር ሰው መጀመሪያ መስፈሪያውን ያገላብጠው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሥራ አጥ ተብሎ ለመመዝገብ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ደግሞ የሚያበላ ሰው። ፒተር ሰርኔልስ የተባለ ኢኮኖሚስት የኢትዮጵያን የከተማ ወጣት ወንዶች ሥራ አጥነት ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው። ሥራ አጥ ሆነው የተገኙት በአብዛኛው ሻል ያለ ትምህርት ያላቸው፣ ከመካከለኛ ኑሮ ቤተሰብ የመጡ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የሚጠኑ ነበሩ። አማካይ ቆይታቸው 4 ዓመት ገደማ ነበር። የድሃ ልጅ 4 ዓመት አይጠብቅም። 4 ቀንም አይጠብቅም። ያገኘውን ይሸከማል፤ ሰንጠረዡም «ሠራተኛ» ብሎ ያከብረዋል።

የቡታጅራው ምሩቅ 3 ዓመት የጠበቀው በማን ገንዘብ ነው? እናቱ ሁለት ክፍል ታከራያለች፤ የጎደለውን በየወሩ የሚልኩት እነዚያው የሳቁት አጎት ናቸው።

ይህን ለማመን የሚከብደው ሰው ካለ አንድ ሌላ ንጽጽር ልስጠው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት የአገሪቱ ሥራ አጥነት 8 ከመቶ ሲሆን፣ የከተሞቹ ብቻ ሲለይ 18.7 ከመቶ ነበር። በትምህርት ላይ የምንጠቀምበትን አመክንዮ እዚህ ላይ እንጠቀመው፦ ከተማ ሥራ ያስፈታል፤ ስለዚህ ሁላችሁም ከወልቂጤ ወደ ገጠር ተመለሱ። የሚመለስ አለ? ወይም ደግሞ አገር ከአገር እናነጻጽር፤ የስፔን ሥራ አጥነት ከኒጀር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ በአጋዴዝ በረሃ አቋርጦ ወደ አውሮፓ የሚሰደደው ሕዝብ አቅጣጫ ተሳስቶ ነው? ሥራ አጥነት ዝቅ ያለበት ቦታ ሁሉ ሥራ የሞላበት ቦታ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ መዋል የማይቻልበት ቦታም ሊሆን ይችላል።

ሥራ ያገኙትን ብቻ ለይተን ምን ያህል ያገኛሉ ብለን ስንጠይቅ ደግሞ መሰላሉ ተመልሶ ይቆማል። ጆርጅ ሳካሮፑሎስና ሃሪ ፓትሪኖስ ከብዙ አገሮች የሰበሰቡትን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጡ፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በአማካይ ወደ 9 ከመቶ ገቢ ይጨምራል ብለዋል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ትርፍ ከዓለም አማካይ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ይህን አኃዝ መስቀል ላይ ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ታዲያ ሥራው የት አለ?» ይሉኛል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን መልሱን ከልጁ ዲግሪ ላይ አትፈልጉት። ወልቂጤ ውስጥ ሲቪል መሐንዲስ የሚቀጥር ስንት በር አለ? የማዘጋጃ ቤቱ፣ የመንገድና የውሃ ጽሕፈት ቤቶች፣ የበጀት ዓመት ሲያልቅ ሥራቸው የሚቆም ጥቂት ሥራ ተቋራጮች። የቀረው በር አዲስ አበባ ነው፤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እዚያው አዲስ አበባ ዳር ዳር በሚኖሩ ወጣቶች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ለአንዳንዶቹ መሀል ከተማ ሄደው ሥራ እንዲፈልጉ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጧቸው። ለሌሎቹ የማመልከቻ አጻጻፍ አሠልጥነው ችሎታቸውን ፈትነው ማረጋገጫ ሰጧቸው። ማረጋገጫ የተሰጣቸው ከ4 ዓመት በኋላ ገቢያቸው 20 ከመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ችሎታው ቀድሞም ነበራቸው፣ የጎደለው የሚያውቅላቸው ነው። በከተማ አውቶብስ ለሚደርስ ልጅ እንዲህ ከሆነ ጉብርየ ላለው ምን ይሆን? ለአንድ የጽሑፍ ፈተና ሁለት ቀን፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የአልጋ። ፈተናው ላይ 300 ሰው። ባዶ እጁን ሲመለስ «ዲግሪው ምን ጠቀመው?» እንላለን።

ጀርመንን የሚጠቅሱም አሉ፤ «እዚያ ሁሉም ሙያ ይማራል እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይጎርፍም» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ግን የጀርመኑ ወጣት ወርክሾፕ የሚገባው ቢያንስ 9 ወይም 10 ዓመት ተምሮ ነው፤ ከገባም በኋላ ከቀጣሪው ጋር ውል ፈርሞ፣ ደሞዝ እየተከፈለው፣ ጎን ለጎን ትምህርት ቤት ይመላለሳል። 6ኛ ክፍል አቁሞ አጎቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሚቆም ልጅ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አሁን ከሁሉም የሚከብደኝን ላንሳ፤ ምክንያቱም የሚነካው የምንኮራበትን ነገር ነው። «ጉራጌ ሳይማር ነው የከበረው» ይባላል።

የከበረውን ነው የምናየው። መስቀል ላይ መኪና ይዞ የሚመጣው፣ ሰንጋ የሚጥለው፣ ለእናቱ ጋቢ ለአባቱ ካፖርት የሚያለብሰው። ያልቀናውስ? ያልቀናው መስቀልን አዲስ አበባ ነው የሚውለው። «ሥራ በዝቶብኝ» ብሎ ይደውላል፤ ስልኩን ዘግቶ ኳስ ሜዳ ወይም ተክለ ሃይማኖት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ቆጮ በጎመን ይበላል። ከእነዚያ አጎት ጋር በአንድ ጭነት መኪና ከተሳፈሩት ልጆች ስንቶቹ ባለመደብር ሆኑ? ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ፤ ሁለተኛው ጣት ላይ ቆሙ። የቀሩት? «አንዱ ዘበኛ ነው መሰለኝ... አንዱ በደርግ ጊዜ ጦር ሜዳ ቀረ... ሌሎቹን እንጃ።» ሥራ ያጣው ምሩቅ ቡታጅራ ላይ ሁሉም እያየው ይቀመጣል። የከሰረው ነጋዴ ግን አይታይም። የሚታይን ኪሳራ ከሚታይ ትርፍ ጋር አነጻጽሮ ፍርድ መስጠት ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ደግሞስ ያልተማሩት የመርካቶ አባቶች ስለ ትምህርት ምን ያምኑ ነበር? ሥራቸው ይመስክር። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ከዕቁባቸውና ከኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው መንገድ ታሪኩ ከዚህ እንቅስቃሴ አይለይም። መንገድ የገባበት አካባቢ ቀጥሎ ያዋጣው ለትምህርት ቤት ነበር። ፈርመው ሳይሆን በጣታቸው አትመው ትምህርት ቤት ያሠሩ ሰዎች ናቸው። በእነሱ ስም «ትምህርት አይጠቅምም» ሲባል መስማት ያሳፍረኛል።

ንግዱም ያ ንግድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ 15 ከመቶውን ሰብስቦ፣ የከፈለውን አቀናንሶ፣ በወሩ ያላሳወቀ ነጋዴ ቅጣቱ ካፒታሉን ይበላዋል። ግንቦት 2013 የስልክ ገንዘብ መክፈያው ቴሌብር መጣ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሆነ። በጣት ቆጥሮ፣ በጭንቅላት ይዞ፣ በመሐላ ተዋውሎ መክበር የሚቻልበት ዘመን ለአባቶቻችን ሆኗቸዋል፤ ለልጆቻችን የለም። ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ለመሄድ እንኳ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ቢያንስ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ይጠይቅ ነበር። 6ኛ ክፍል ያስቆሙት ልጅ ለዚያም አይበቃም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ አጎቱ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። ከግብር ቢሮ የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዘውት ዞረዋል። ማንንም ሳያዩ ለእህታቸው ልጅ አቀበሉት፤ «እስቲ ይሄን እየው።» ልጁ እጁን ጠርጎ አነበበ። ከዚያ በስልኩ ደመረ፣ ቀነሰ። «ወለዱንና ቅጣቱን ደርበው አስልተውታል፣ ይሄኛው መስመር ድጋሚ ገብቷል። አቤቱታ ማቅረቢያው 8 ቀን ነው የቀረው» አላቸው። አጎቱ አገጫቸውን ያዙ። ከጠዋቱ ሳቂዎች አንድም የሳቀ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ለተከራካሪዎቼ እለቃለሁ፤ ትምህርት ቤቶቻችን በሚገባ አያስተምሩም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብ ያለፉት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 ደግሞ 5.4። የዓለም ባንክ ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። የፕሪቼትም ጥያቄ በደንብ ሲነበብ መልሱ በከፊል እዚህ ነው፤ ክፍል መቁጠርና መማር አንድ አይደሉም። ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? አፈር የበዛበት ጤፍ ይበጠራል፣ ይነፋል እንጂ እንጀራ ይቅር አይባልም። ልጅህ 6ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ካልቻለ ትምህርት ቤቱን በወላጅ ስብሰባ አስጨንቅ፤ ርዕሰ መምህሩን፣ ወረዳውን ጠይቅ። ልጁን መንጠቅ ለደካማው ትምህርት ቤት ምሕረት ማድረግ ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ወላጅ ቀነሰለት።

«የተማረ በዛ፣ ሥራ የለም» የሚለው ነገር ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. አካባቢ የንጉሡ መንግሥት ባለሙያዎችን ሰብስቦ የትምህርት ዘርፍ ጥናት አስጠና፤ ሰው ሴክተር ሪቪው ይለዋል። ያኔም ስጋቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች መብዛታቸው ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? አብዛኛው የገጠር ልጅ 4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ መሬቱ ይመለስ። በወረቀት ሲታይ ብልህ ነበር። ግን የባላባቱና የሹሙ ልጅ ከ4ኛ ክፍል ወደ ሞፈር እንደማይመለስ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ወላጅና መምህር ይህን ወዲያው አነበቡት፤ የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ዕቅዱም ተነሳ። የዚያ የካቲት ቀሪ ታሪክ ይታወቃል።

ያኔ መንግሥት በአዋጅ ሊያደርገው ያልቻለውን ዛሬ እኛ በቀልድ እያደረግነው ነው። በየመስቀሉ፣ በየቡናው፣ ምሩቅ እየጠቆምን ስንስቅ የሚሰማን ማን ነው? ምሩቁ አይደለም፤ እሱ ተምሯል፣ የሚወሰድበት የለም። የሚሰማን ደጃፉ ላይ የቆመው የጎረቤት የ11 ዓመት ልጅና አሳድጋው የደከማት እናቱ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከኋላ ወንበር ላይ የሚጫነው እሱ ነው። የዓለም አቀፉ ንጽጽር ለዚህ ልጅ የሚለው ነገር ካለ አንድ ነው፦ በበለጸገውም በድሃውም አገር ያልተማረ ሰው የሚያገኘውን ይወስዳል፣ የተማረ ሰው ይመርጣል፤ ለመምረጥ ጊዜ የሚገዛለት ከሌለ ግን ምርጫውን ያጣል። ለዚህ ልጅ ያ ጊዜ ይገዛለት። ከዚያ በፊት ወደ ሱቅ አይወሰድ።

ስሰነባበት አጎትየውን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጆች ግን ምን ላይ ናቸው?»

ፊታቸው በራ። «ትልቋ ሕክምና ናት፣ 4ኛ ዓመት። ሁለቱ እዚያው አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት። ክፍያው አይወራ!»

«6ኛ ክፍል ላይ ሱቅ አላስገቧቸውም?»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ፤ ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ ሆኖባቸዋል።

«እነሱ እኮ አባት አላቸው» አሉ።